ጣሪያው ላይ የቀረው አባቴ

አባቴ ጣሪያው ላይ መሆኑን የነገረችኝ አክስቴ ናት። ለክፋት አልነበረም። አክስቴ የሚያለቅስ ልጅ ፊት መቆም የማይሆንላት ሴት ናት፤ ከረሜላ ካላት ከረሜላ ትሰጣለች፣ ከሌላት ወሬ ትፈጥራለች። የዚያን ቀን ቦርሳዋ ባዶ ነበር።

ቤተ ክርስቲያኑ የተቃጠለ ማግስት ነው። ቤታችን በሰው ተሞልቷል፤ እናቴ ግን የለችም። ሰዎቹ ራስ ለራስ ገጥመው ያወራሉ፣ እኔ ብቅ ስል አፋቸውን ይይዛሉ። ልብሳቸው ሁሉ ጭስ ጭስ ይላል። የእናቴን ቀሚስ ይዤ ማልቀስ ስለለመድኩ፣ እሷ በሌለችበት የማንን ቀሚስ እንደምይዝ ግራ ገብቶኝ ከአንዷ ወደ አንዷ እዞራለሁ። «አባዬስ?» እላለሁ። አንዷ ከንፈሯን ትመጣለች፣ ሌላዋ ራሴን ትዳብሰኛለች። በመጨረሻ አክስቴ ብድግ አድርጋ መስኮቱ ላይ አስቀመጠችኝና ከቤቶቹ በላይ ወደሚታየው የጠቆረ ግንብ ጠቆመችኝ።

«ያውልሽ! ጣሪያው ላይ ነው። ሥራ በዝቶበት ነው የቀረው።»

«ጣሪያው እኮ የለም።»

«ለዚህ ነዋ ሥራ የበዛበት!»

ይህ ለእኔ በቂ መልስ ነበር። አባቴ የጣሪያ ሠራተኛ ነው፤ ጣሪያ ከጠፋ ሥራ ይበዛበታል። ዓይኔን ጠርጌ ለመጫወት ወረድኩ። ካፍ ከወጣ አፋፍ ይባል የለ፣ አክስቴ ያን ቃል መልሳ ልትይዘው አልቻለችም።

እዚህ ላይ ስለ ሥራቸው ጥቂት ልበል። አያቴ፣ የእናቴ አባት፣ አናጺ ነበር። አባቴ ደግሞ መዳብ እያጠፈ ጣሪያ ያለብስ ነበር። እሳቱ ከመነሳቱ በፊት ሁለቱ የዚያን ጥንታዊ ቤተ ክርስቲያን ጣሪያ ሲጠግኑ ከርመዋል፤ አያቴ ከጣሪያው ሥር፣ አባቴ ከጣሪያው ላይ። «አማቾች የሚስማሙት እንዲህ ተራርቀው ሲሠሩ ነው» እያለች እናቴ ትስቅባቸው ነበር። መሃላቸው ጣውላ ስላለ አይተያዩም፤ የሚነጋገሩት በመዶሻ ነው። አያቴ ወራጁ ያለበትን ቦታ ከሥር አንዴ ይመታል፤ እንጨቱ እዚህ ጋ ነው፣ ምስማርህን እዚህ ምታ ማለቱ ነው። አባቴ ከላይ ሁለቴ ይመልሳል፤ ገባኝ ማለቱ ነው። እኔ ከእናቴ ጋር ምሳ ይዤ የሄድኩ ቀን ግን አባቴ ትንሽ ቆይቶ፣ ረስቶት ኖሮ ድንገት ትዝ እንዳለው ሁሉ፣ ሦስተኛ ይጨምራል። «ሦስተኛዋ ያንቺ ናት» ብሎኛል። እኔም ከታች ሆኜ በደስታ እዘላለሁ።

ከእሳቱ በኋላ ብዙ ሳምንታት እናቴን የማያት አልፎ አልፎ ነበር። መጥታ ልብስ ትቀይራለች፣ ታቅፈኛለች፣ ተመልሳ ትሄዳለች። የት እንደምታድር አልጠየቅኩም። ሆስፒታል ውስጥ አልጋ አጠገብ ባዶ ሲሚንቶ ላይ፣ ጫማዋን ተንተርሳ ታድር እንደነበር ያወቅኩት ልጅ ከወለድኩ በኋላ ነው። ያኔ ግን ከአባቴ ጋር ጣሪያ ላይ የምትውል ነበር የሚመስለኝ፤ ስላልወሰዱኝም አኩርፌ ነበር።

ከዚያ አንድ ቀን ታክሲ በራችን ላይ ቆመ። እናቴ አንድ ሰውዬ ደግፋ አወረደች። እጆቹ እስከ ክርን በፋሻ ተጠቅልለዋል። ፊቱ የሚያብረቀርቅ ሮዝ ነው፤ ቅንድብ የለውም፣ ጢም የለውም፣ አንድ ጆሮው ጎድሏል። መድኃኒት መድኃኒት ይሸታል። ደረጃውን ሲወጣ በየእርከኑ ቆሞ ይተነፍሳል።

«ነይ አባትሽን ሳሚ» አለች እናቴ።

ዞር ብዬ ከኋላቸው አየሁ። ማንም የለም።

«ነይ እንጂ!»

«አባዬ ጣሪያው ላይ ነው» አልኩ።

እናቴ አክስቴን አየቻት። አክስቴ መሬት መሬቱን አየች። ሰውዬው የሆነ ነገር ሊል አፉን ከፈተ፤ የወጣው ድምፅ የተሰነጠቀና የሻከረ ስለነበር አክስቴ ጉያ ውስጥ ተወሸቅኩ። የአባቴ ድምፅ እኮ ከመንገድ ማዶ ይሰማ ነበር።

ሰውዬው የእናቴና የአባቴ አልጋ ላይ ተኛ። የሚገርመኝ ይህ ነበር። ማንም ምንም አላለም። እናቴ ገላውን ታጥበዋለች፣ ዳቦ በወተት አርሳ ታጎርሰዋለች፣ ፋሻውን ስትፈታ ጥርሷን ነክሳ ታዜማለች። እኔ ደጃፍ ቆሜ አያለሁ። አባቴ ከጣሪያው ወርዶ ይህን ሲያይ ምን እንደሚል አስባለሁ።

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል። የልጅ ጆሮ ግን ባዳነት አያውቅም፤ ሁሉም ቤት ይገባል። ዳቦ ልገዛ ተልኬ ሱቅ በር ላይ ሁለት ሴቶች ሲያወሩ ሰማሁ።

«እሱ አይደል እንዴ ያቃጠለው? ስንት ዘመን የኖረ ቤተ ክርስቲያን!»

«አቃጥሎስ? ይኸው ሚስቱ እንደ ሕፃን ታጎርሰዋለች።»

«እኔ የማዝነው ለሷ ነው። ቁም ስቅሏን ነው የምታየው።»

ከዚያ አዩኝና ስለ ሽንኩርት ማውራት ጀመሩ። ዳቦውን አቅፌ እየሮጥኩ ስመለስ ጭንቅላቴ ውስጥ ሁሉም ነገር ቦታ ቦታውን ያዘ። ቤተ ክርስቲያኑን ያቃጠለው ይሄ ሰውዬ ነው። አባቴ ደግሞ ጣሪያው ላይ ነበር። የማይወርደው መሰላሉ ስለተቃጠለ ነው ማለት ነው። እናቴም ይሄን እያወቀች ሰውዬውን ወተት ትግተዋለች።

በእሳቱ ማንም አልሞተም፤ ይህን ማንም ሊነግረኝ አላሰበም፣ ምክንያቱም ሁሉም የሚያውቀው ነገር ነው። የብየዳ ፍንጣሪ ከመዳቡ ሥር ገብታ ደረቅ እንጨት ላይ አርፋ ነበር። ብየዳው የአባቴ ነው። ሰው ሁሉ ሲወርድ እሱ ጃኬቱን አውልቆ እሳቱን ሊያጠፋ ተመለሰ፤ መዳቡ ከሥሩ እስኪግል ድረስ ሲመታው ነበር። «ማነው ያቃጠለው?» ብለው ሲጠይቁት በዚያ በሻከረ ድምፁ «እኔ ነኝ» አለ፤ ሌላ ቃል አልጨመረም። ሴቶቹ አልዋሹም።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ እናቴ ውሃ ልትቀዳ ወጥታ፣ ሰውዬው ከአልጋው ሆኖ ጠራኝ።

«ሚጢጥዬ፣ ውሃ ታቀብይኛለሽ?»

ሚጢጥዬ የሚለኝ አባቴ ብቻ ነው።

«ስሜን ማን ነገረህ?»

ሰውዬው ዓይኑን ወደ ኮርኒሱ መለሰ። «አባትሽ» አለ።

«ታውቀዋለህ?»

«አውቀው ነበር።»

«ደህና ነው?»

«ትንሽ ደክሞታል። በጣም ትናፍቂዋለሽ።»

«ታዲያ አንተ ለምን አታወርደውም? ያቃጠልከው አንተ ነህ።»

ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ብርጭቆውን ከእጁ ራቅ አድርጌ አስቀምጬለት ወጣሁ። እናቴ ስትመለስ ውሃው እዚያው ነበር።

ከዚያ ወዲያ የተቃጠለውን ጣሪያ መልሶ ለሚሠራው አያቴ ምሳ የማደርሰው እኔ ሆንኩ። ልመናዬ ነው፤ ቤት ውስጥ ከሰውዬው ጋር መዋል ስላልፈለግኩ። ቤተ ክርስቲያኑ ውስጥ ገብቼ ቀና ስል ሰማይ ነበር የሚታየኝ። ግድግዳው ላይ የተሳሉት ቅዱሳን በጥላሸት ተሸፍነው አንዳንድ ቦታ ዓይን ብቻ፣ አንዳንድ ቦታ ጣት ብቻ ቀርቷል። ወለሉ ላይ የተረፉት ወራጆች ተደርድረዋል። አያቴ አንዱን በመዶሻው ጀርባ ይመታል፣ ጆሮውን አስጠግቶ ያዳምጣል፣ ከዚያ ሌላውን። ከሰል የሆነውን በመጥረቢያ ይልጣል፤ ከሥሩ ንጹሕ እንጨት ከወጣለት መልሶ ይሰቅለዋል፣ ካልወጣለት እያዘነ ወደ ጎን ያደርገዋል። እኔ አባቴን የሚፈልገው ይመስለኝ ነበር። እሱ ጆሮውን ሲያስጠጋ እኔም ትንፋሼን እይዛለሁ።

«ሰማኸው?» እለዋለሁ።

«ይሄኛውስ ደህና ነው» ይለኛል፣ እንጨቱን ማለቱ ነበር።

ሥራውን የሚያሠራው የቤተ ክርስቲያኑ ኮሚቴ ሰብሳቢ ነው። ሠራተኞቹ ጥድፊያ ይሉታል፤ ሰላምታ እንኳን ለመጨረስ ትዕግሥት የለውም። ጥድፊያ ሁለት ቆርቆሮ ሠሪዎች ከሌላ ቦታ አምጥቶ ነበር። ጣውላው ተነጥፎ እነሱ መዳቡን ማልበስ ሲጀምሩ አያቴ እንደ ልማዱ ከሥር አንዴ መታ። ዝም። ደግሞ መታ። ከላይ «ምንድነው የምትደበድበው፣ ሽማግሌው?» የሚል ጩኸት መጣ። አያቴ መዶሻውን ይዞ ወደ ላይ እንዳፈጠጠ ቆየ። ባዶው ቤት ድምፁን ይዞ ሲያንከባልል ሰማሁ፤ እኔም አባቴ ባለመመለሱ ፈራሁ። ተኝቶ ነው? አኩርፎ ነው? ወይስ የማንኳኳቱን ነገር ረስቶታል?

ሰዎቹ መዳቡን አጣመው አጣጥፈውት ሄዱ። በመጀመሪያው ዝናብ አፈሰሰ። ያኔ አያቴና ጥድፊያ በሩ ላይ ተጣሉ።

«ያቃጠለውን ሰው መልሰን እናውጣው? ሕዝቡ ምን ይለኛል?» ይላል ጥድፊያ።

«ምን እንደሚያቃጥል ከእሱ በላይ የሚያውቅ የለም» አለ አያቴ። «ሕዝቡ ከሚያንጠባጥብ ጣሪያ ሥር ይጸልይ ከተባለም ይጸልይ። እኔ ግን መሣሪያዬን ሰብስቤ እሄዳለሁ።»

ጥድፊያ ሰዓቱን አየ፣ ሰማዩን አየ፣ እጁን አወናጨፈና ሄደ። ስለ ማን እንደሚያወሩ አልገባኝም ነበር። የሚያንጠባጥበው ነገር ብቻ ነው የገባኝ፤ አባቴ ላይ እየዘነበበት ነበር ማለት ነው።

ከዚያ በኋላ ባለው ሳምንት፣ ምሳውን ይዤ ስገባ አያቴ መወጣጫው ላይ ነበር። አየኝ፤ ግን አልወረደም። መዶሻውን አነሳና ጣውላውን አንዴ መታ።

ከላይ ሁለቴ ተመለሰ።

ሳህኑን በሁለት እጄ እንደያዝኩ ደርቄ ቀረሁ። ትንሽ ቆየ። ከዚያ ረስቶት ኖሮ ትዝ እንዳለው ሁሉ፣ ሦስተኛዋ መጣች።

«አባዬ!» ብዬ ጮኽኩ። ቤቱ ሁሉ አባዬ አለ። «አባዬ! እኔ ነኝ! እዚህ ነኝ!»

እንደገና አንኳኳ። ሳህኑን ወርውሬ ወደ ውጭ በረርኩ፤ በግድግዳው ዙሪያ ሮጬ መሰላሉ ሥር ደረስኩ። አንድ ሰው እየወረደ ነበር። ቀስ ብሎ፣ በየእርከኑ እየቆመ፣ እየተነፈሰ። መጀመሪያ ጫማውን፣ ከዚያ ሱሪውን፣ ከዚያ መዶሻ በጨርቅ የታሰረበትን እጁን አየሁ። ጣቶቹ መጨበጥ ስለማይችሉ አያቴ ነበር ያሰረለት። ከዚያ ፊቱን አዞረ። ቅንድብ የለሹ ሰውዬ ነው። እጆቹን ዘርግቶልኝ ይስቃል፣ እንባው በዚያ ሮዝ ጉንጩ ላይ ይወርዳል።

በጎኑ አልፌ ወደ ላይ አየሁ።

«አባዬ ላይ ነው ያለው» አልኩት። «ለምን ይዘኸው አልወረድክም?»

የዘረጋቸው እጆች እዚያው ቀሩ። አሁን እኔ ራሴ ልጆቼን ሳቅፍ አንዳንዴ እነዚያ እጆች ይታዩኛል፤ የት እንደሚያደርጋቸው አላወቀም ነበር። በመጨረሻ መዶሻ የታሰረበትን እጁን ወደ ደረቱ መለሰና ተንበርክኮ አየኝ።

«እሺ» አለ። «ሥራ ስላልጨረሰ አይወርድም እንጂ፣ መምጣትሽን እነግረዋለሁ። ግቢና አዳምጪ።»

ተመልሶ ወጣ። ያ ሁሉ እርከን፣ ያ ሁሉ ትንፋሽ። ገብቼ ጣውላ ላይ ተቀመጥኩ፣ አባቴም አንኳኳልኝ። በድንጋይ ወለሉን ስመታ ይመልስልኛል። ስዘል ይሰማዋል መሰለኝ ያፈጥነዋል። አያቴ መወጣጫው ላይ ጀርባውን ሰጥቶኝ ፊቱን በክንዱ ይጠርጋል፤ ላቡ ነው ብዬ ነበር።

ክረምቱ እስኪቃረብ በየቀኑ እንዲህ ሆነ። ቤት ውስጥ ያለው ሰውዬ ጠዋት ከአያቴ ጋር ይወጣል፤ እኔ ምሳ ይዤ ስሄድ አባቴ ከላይ ያንኳኳልኛል፤ ማታ ሰውዬው ደክሞት ይመለሳል። እያደር ጠላቴ መሆኑ ቀረ። መልእክተኛዬ ሆነ። እራት ላይ አጠገቡ እቀመጥ ጀመር።

«ዛሬ ምን አለህ?»

«ጥርሷ ወለቀ ወይ አለኝ።»

«ወልቋል በለው። በረደህ ወይ በለው።»

«እነግረዋለሁ።»

እናቴ በዚህ ጊዜ ጓዳ ትገባለች። ቆይታ ነው የምትመለሰው። አንድ ቀን «እውነቱን ንገራት እንጂ፣ አብደሃል?» ስትለው ሰማኋት። «እዚያ ላይ ስሆን አባዬ ትለኛለች» አላት። «እዚህ ምን ትለኛለች?» ስለ ምን እንደሚከራከሩ ሳይገባኝ እንቅልፍ ወሰደኝ።

ጥድፊያ ግን አበደ። ጣሪያው አልቆ አላልቅ አለ! ከውጭ ሲያዩት ከጫፍ እስከ ጫፍ ያብረቀርቃል፤ ከጉልላቱ ሥር አንዲት መዳብ ብቻ ጠርዟ ሳይታጠፍ ቀርታለች። ዛሬ ትታጠፋለች ሲባል በማግስቱ ተፈትታ ትገኛለች። «ምንድነው ይሄ? ሌሊት ሰይጣን ይፈታታል?» እያለ ይጮሃል። አያቴ «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» ይለዋል፣ ተረጋግቶ። ያቺን መዳብ ማን ይፈታት እንደነበር አያቴ የነገረኝ ሊሞት አካባቢ ነው። አባቴ ያጥፋታል፣ ከዚያ ተቀምጦ ያያታል፣ ከዚያ ይፈታታል። ከታጠፈች ሥራው አለቀ፤ ሥራው ካለቀ ሴት ልጁ ጣሪያው ላይ ያለውን አባቷን ታጣለች። አያቴም አውቆ ዝም አለ።

ዝናብ ግን ለማንም አይጠብቅም። ሰማዩ በጠቆረ ቀን አያቴ ወደ ላይ ወጣና ሁለቱ ብዙ ሲያወሩ ቆዩ። ከዚያ የመዳብ መታጠፍ ድምፅ ሰማሁ፤ ረጅም፣ ጥርስ የሚያፋጭ ድምፅ። ሰውዬው ከአያቴ ጋር ወርዶ መጣና ፊቴ ቆመ።

«ነይ» አለኝ። «ዛሬ አብረን እንውጣ።»

አያቴ ከኋላዬ፣ እሱ ከፊቴ ሆነው አወጡኝ። ወደ ታች እንዳላይ ነገሩኝ፤ እኔ ማየት የምፈልገው ወደ ላይ ነበር። ራሴን ከጠርዙ በላይ ሳወጣ ንፋሱ ፊቴን መታኝ። ጣሪያው ሰፊ ነው፣ አዲስ ነው፣ ቀይ ነው። ከአንዱ ጫፍ እስከ ሌላው ጫፍ ተዘርግቶ ይታያል። ምንም የሚሸሸግበት ቦታ የለውም።

«የታለ?» አልኩ።

ሰውዬው የመወጣጫው ጣውላ ላይ ተቀመጠና አጠገቡ አስቀመጠኝ።

«የታለ? ወዴት ሄደ?»

«ሚጢጥዬ፣ የምታውቂው አባትሽ... ያ ፊት፣ ያ ድምፅ... ከእንግዲህ አይመጣም።»

«ሞተ?»

አያቴ መሰላሉ ላይ ሆኖ «ተው እንጂ!» አለ። ሰውዬው አልሰማውም፤ እኔን ብቻ ነው የሚያየው።

«አዎ» አለኝ። «የእሳቱ ቀን ሞቷል።»

«አንተ ነህ የገደልከው!»

«እኔ ነኝ።»

መታሁት። ደረቱን፣ ትከሻውን፣ ያቺን የጎደለች ጆሮውን። ቆዳው ገና ያመው ነበር፤ አንዴም አልተከላከለም፣ እንዳልወድቅ ብቻ በክንዶቹ ከበበኝ። ከዚያ እጄ ደከመ፤ እዚያ ላይ የምይዘው ሌላ ሰው ስላልነበረ የእሱን ሸሚዝ ይዤ አለቀስኩ። ለአባቴ አለቀስኩ። ስለ ድምፁ፣ ስለ ጢሙ፣ ስለ ጫማው ድምፅ እየነገርኩት አለቀስኩ። እሱ «አዎ፣ እንደዚያ ነበር፣ አዎ» ይለኛል፣ ከእኔ ብሶ እያነባ። ሰው ለራሱ ሲያለቅስ ያየሁት ያኔ ነው፤ የገባኝ ግን ከብዙ ዓመት በኋላ ነው።

የመጀመሪያው ጠብታ ሲወርድ ተሸክሞኝ ወረደ። አንገቱን አቅፌ ነበር። እናቴ በዝናቡ ደንግጣ ጃንጥላ ይዛ እየሮጠች ስትመጣ በሩ ላይ ተገናኘን፤ ዓይናችንን አየች።

«ምን ሆናችሁ? ማን ወደቀ? ምን ሆናችሁ?»

«አባቷ ሞቶባት ነው» አላት።

እናቴ አየችው። እሳቱ ከተነሳበት ቀን ጀምሮ እንባዋን ማንም አይቶ አያውቅም ነበር፤ ፊቷን ታጠቁራለች እንጂ አታለቅስም። ጃንጥላው ከእጇ ወደቀ። እዚያው ደረጃው ላይ ቁጭ አለችና፣ ባሏ አጠገቧ ቆሞ እያያት፣ ለባሏ አለቀሰች። እሱም እኔን እንዳቀፈ አጠገቧ ተቀመጠና ሦስታችንም አለቀስንለት።